ዋናው ይቅር፣ ቅጂው ይሂድ

ደብረ ወርቅ ማርያምን ለመሳለም የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ መንገዱ ነው። መኪና የት ድረስ ይገባል? ማደሪያ ይገኛል ወይ? ብርዱ እንዴት ነው? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ መልሳቸውም አያስቸግርም። ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ ከጎሐ ጽዮን የዓባይን በረሃ ይወርዳል፣ ድልድዩን ተሻግሮ ደጀን ላይ ይወጣል። ደጀን ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል፤ ሌላው በብቸና አድርጎ ወደ ደብረ ወርቅ፣ ከዚያም በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር ይዘልቃል። አገሩ ደጋ ነው። ከበላዩ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጮቄ ስላለ ጋቢ ሳይዙ መሄድ አይመከርም።

ይሁን እንጂ ጉዞው ፍሬ እንዲያገኝ ወይም ከደጅ እንዲቀር የሚወስነው ከእነዚህ አንዱም አይደለም። የሚወስኑት የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዙት ቄሰ ገበዝ ናቸው። ሁለት ቀን ሙሉ ተጉዞ፣ ካሜራውን አንጠልጥሎ፣ ከቅጽሩ በር ላይ «ዛሬ አይሆንም» ተብሎ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው። ከዚያም በየሄደበት የካህናቱን ክፋት ያወራል። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ያ «አይሆንም» ታሪክ አለው። ታሪኩን ያላወቀ ሰው ወደ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርገውን ጉዞ አቅዷል ለማለት ይከብደኛል።

ደብረ ወርቅ በምሥራቅ ጎጃም፣ በእናርጅ እናውጋ ወረዳ የሚገኝ ጥንታዊ ገዳም ነው። ስሙ ከ15ኛው መቶ ዘመኑ ጻድቅ ከአቡነ ሠርፀ ጴጥሮስ ስም ጋር ተያይዞ ይነሣል። ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ግን በወንጌላዊው ሉቃስ እጅ እንደተሣለች በሚነገርላት የእመቤታችን ሥዕል ነው። እንዲህ ያለች ሥዕል በየቀኑ አትታይም። በመጎናጸፊያ ላይ መጎናጸፊያ ተደርጎባት ትቀመጣለች፤ ስትወጣም በጸሎት፣ በዕጣን፣ በሰዓቷ ነው። ጎብኚው እንደ ሙዚየም ዕቃ አድርጎ ካሰባት ከመጀመሪያው ተሳስቷል። ምእመኑ ስለ እሷ ሲናገር «አለች» እንጂ «አለ» አይልም፤ የሚጠብቋትም እንደ ባለ ሕይወት ነው የሚጠብቋት።

አሁን ወደ ጎንደር ልሻገር፤ ትምህርቱ ያለው እዚያ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1931 ከፓሪስ የተነሣ አንድ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን አፍሪካን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ፣ ከዳካር እስከ ጂቡቲ ለማቋረጥ ጉዞ ጀመረ። መሪው ማርሴል ግሪዮል ይባላል። ቡድኑ በ1932 አጋማሽ ጎንደር ደረሰና በከተማው በነበረው የኢጣሊያ ቆንስላ ግቢ ሰፍሮ ወራት ቆየ። ከጎንደር ራቅ ብሎ አባ እንጦንስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ የተሠራው በ17ኛው መቶ ዘመን በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የሚያማምሩ ሥዕሎች ነበሩት።

እዚህ ላይ የአሣሣሉን ዘዴ ማወቅ ይጠቅማል። የአገራችን ሠዓሊ ብዙ ጊዜ በቀጥታ በጭቃው ላይ አይሥልም። ሸማ ዘርግቶ፣ በሙጫ በግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ ከዚያ ላይ ይሥላል፤ ወይም ሥሎ ይለጥፋል። ይህ ዘዴ ቀለሙን ከግድግዳው እርጥበት ይጠብቀዋል። ጉዳቱ ደግሞ ሸማው መላጥ መቻሉ ነው። በእርጋታ ጫፉን ይዞ የሚስብ ሰው ካገኘ መቶ ዓመት የኖረ ሥዕል እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ይወጣል።

በአባ እንጦንስ የሆነውም ይኸው ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በእርጅና ተጎድቶ ነበር። ከቡድኑ አባላት አንዱ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሚባል ሠዓሊ ነበር። ሩ የሥዕሎቹን ቅጂ ሠራ፤ ቅዱሳኑን፣ ፈረሰኞቹን፣ መላእክቱን አንድ በአንድ። ሥራው ሲያልቅ አዲሶቹ ሥዕሎች በግድግዳው ላይ ተለጠፉ፤ የጥንቶቹ ተልጠው፣ ተጠቅልለው፣ ከጉዞው ጓዝ ጋር ወደ ፓሪስ ሄዱ። ዛሬ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። የቡድኑ ጸሐፊ የነበረው ሚሼል ሌሪስ የዕለት ማስታወሻውን እ.ኤ.አ. በ1934 መጽሐፍ አድርጎ ስላሳተመው ነገሩ በምሥጢር አልቀረም። በጉዞው ሁሉ ዕቃ እንዴት እንደተሰበሰበ፣ ሰው እንዴት እንደተለመነና እንደተገፋፋ፣ የተሰማውን ኅፍረት ጭምር ጽፎታል። ሙዚየሙ ራሱም በ2025 የዚያን ጉዞ አካሄድ መልሶ የሚመረምር ዐውደ ርእይ ከፍቶ ነበር።

ፈረንሳዮቹ ሥዕሎቹን ከዝናብና ከመፍረስ አዳንናቸው ማለታቸው አይቀርም፤ የዚያ ዘመን ተመራማሪ ሁሉ መከራከሪያ ይኸው ነበር። ሥዕሎቹ በፓሪስ በጥሩ ሁኔታ መቀመጣቸውን አልክድም። ነገር ግን የጎንደር ገበሬ ከዚያ በኋላ እጁን ዘርግቶ የጸለየው በባዕድ ሰው እጅ በችኮላ በተሠራ ቅጂ ፊት ነው። ቅጂውን መሥራት የሚችል ሰው ነበራቸው። ቅጂውን ይዘው መሄድ ይችሉ ነበር። እነሱ ግን ቅጂውን ለባለቤቱ ትተው ዋናውን ይዘው ሄዱ። ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ሠዓሊ የያዘ፣ ቀለም የያዘ፣ ጊዜም የነበረው እንግዳ ነገሩን ገልብጦ ማድረግ ይችል ነበር፤ አላደረገም።

የጎጃም ካህን የአባ እንጦንስን ስም ላያነሣ ይችላል። የነገሩን ዓይነት ግን አሳምሮ ያውቀዋል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የአፄ ቴዎድሮስ ሬሳ ሳይነሣ፣ ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ይዘዋት ይወጡ የነበረችው የኵርዓተ ርእሱ ሥዕል በብሪታኒያ ሙዚየም ባልደረባ በሪቻርድ ሆልምስ እጅ ገባች። ሰውየው ለሙዚየሙ ሳያስረክብ ለራሱ አስቀራት፤ በኋላ በሐራጅ ተሸጣ ፖርቱጋል በግለሰብ እጅ ቀረች። ከላሊበላም አፍሮ አይገባ የሚባለው የወርቅ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ ቤልጅየም ከተገኘ በኋላ በ2001 ወደ ቦታው ተመልሷል። ይህ ሁሉ በየደብሩ ይወራል። ቄሰ ገበዙ በእንግዳው እጅ ካሜራ ሲያዩ የሚያስቡት ይህን ነው። ፎቶው የሌባ መንገድ ጠቋሚ ይሆናል ብለው ይፈራሉ፤ ፍርሃታቸውም መሠረት አለው።

ለደብረ ወርቅ ጎረቤት ከሆነችው ከመርጡለ ማርያም የምንማረው ደግሞ ሌላ ነው። መርጡለ ማርያም ጥንት ሀገረ እግዚአብሔር ትባል እንደነበር ትውፊቱ ይናገራል። እቴጌ እሌኒ እዚያ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን አሠርታለች። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲሽኮ አልቫሬሽ፣ ፔሮ ዳ ኮቪልኻ የሚባለው የአገሩ ሰው ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን የነገረውን ጽፏል። ኮቪልኻ ወደ ኢትዮጵያ ከገባ በኋላ እንዲመለስ ስላልተፈቀደለት ሚስት አግብቶ፣ ርስት ይዞ የቀረ ሰው ነው። እቴጌይቱ ወደ ጎጃም ልካው የመንበሩን አሠራር እንዲያሳይ አዝዛዋለች፤ መንበሩ ከእንጨት ተሠርቶ በወርቅ እንደተሞላ ለአልቫሬሽ ነገረው። የግራኝ ጦር ጎጃም ሲገባ ያ ሁሉ ወርቅ ጠፋ። በኋላ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን እንደገና አሠሩት፤ እሱም በተራው ፈረሰ። ዛሬ የሚታየው የተጠረበውና በሐረግ የተጌጠው ድንጋይ የዚህ ሁሉ ቅሪት ነው።

በ1842 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ቤክ የሚባል እንግሊዛዊ ወደዚህ ፍርስራሽ መጣ። ቤክ በባሶ ገበያ አጠገብ በያውሽ ተቀምጦ፣ በደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ግዛት፣ የንግዱን መንገድና የአገሩን ቋንቋዎች ያጠና ነበር። መርጡለ ማርያምን አይቶ ፍርስራሹን ገለጸው፣ ለካው፤ ጽሑፉም በ1847 በለንደን ታተመ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ሕንፃ የሚያጠና ሁሉ ወደ ቤክ ገጾች ይመለሳል። ቤክ የመጣበት ዘመን ለአውሮፓውያን የኩራት ዘመን ነበር፤ የእሱም ዓላማ ከንግድ የራቀ አልነበረም። ይህ ሁሉ ሆኖ በመርጡለ ማርያም የሠራው ሥራ ድንጋዩን በቦታው አስቀርቶ ልኩን ይዞ መሄድ ነው። ድንጋዩ ከዚያ በኋላ በዝናብና በጊዜ እየተበላ ሲሄድ ወረቀቱ ምስክር ሆነ። ዛሬ ፍርስራሹን ለመጠገን የሚያስብ መሐንዲስ ከመቶ ሰማንያ ዓመት በፊት ምን ይመስል እንደነበር የሚያውቅበት መነሻ አለው።

ከቤክ 130 ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ ዳያና ስፔንሰር የምትባል ሴት በጎጃም ተዘዋወረች። የምትፈልገው እንደ ደብረ ወርቋ ያሉትን፣ በሉቃስ እጅ ተሣሉ የሚባሉ ሥዕሎችን ነበር። ያየችውን በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በሚያሳትመው መጽሔት በ1972 እና በ1974 እ.ኤ.አ. በሁለት ጽሑፎች አወጣችው። ሁለተኛው ጽሑፍ አንድ ትልቅ ዜና ይዞ ነበር፤ የኒኮሎ ብራንካሌዎን ሥራዎች በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ መገኘታቸውን። ብራንካሌዎን በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከቬኒስ መጥቶ በነገሥታቱ ቤት የሠራ፣ በአገራችን መርቆሬዎስ ተብሎ የተጠራ ሠዓሊ ነው። አልቫሬሽ በአካል አግኝቶት ስሙን ጽፎታል። ሥራዎቹ ግን ለአራት መቶ ዓመት ያህል ከምሁራን ዓይን ተሰውረው ቆይተው ነበር።

«ተሰውረው» ስል ለማን እንደተሰወሩ ልብ ይባል። ለጎጃም ካህናት ተሰውረው አያውቁም። በግራኝ ጊዜ፣ በዘመነ መሳፍንት፣ በኢጣሊያ ወረራ፣ በእሳትና በዝናብ መካከል አንዱ ገበዝ ለሌላው ገበዝ ቆጥሮ እያስረከበ ነው እስከ ስፔንሰር የደረሱት። ሥዕሏን የጠቀለለው መጎናጸፊያ ሲያረጅ ሌላ የደረበበት ሰው ስሙ በየትኛውም መጽሔት አልታተመም። ስፔንሰር ፎቶና ማስታወሻ ይዛ ተመለሰች፤ ሥዕሎቹ በየመቅደሳቸው ቀሩ። ዓለምም ብራንካሌዎንን አወቀ፤ የጎጃም ምእመንም ሥዕሉን አላጣም።

በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራም በዚሁ መንገድ የሄደ ነው። የፓትርያርኩ መሥሪያ ቤት በአሜሪካ ሚነሶታ ከሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ጋር ተባብሮ፣ ከየአድባራቱና ከየገዳማቱ የተሰበሰቡ 9,000 ያህል ብራናዎችን በፊልም አነሣ። ብራናው ወደ ባለቤቱ ተመለሰ፤ ፊልሙ አዲስ አበባና ሚነሶታ ተቀመጠ። ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሊባል በሚችል መልኩ ያን ፊልም ገጽ በገጽ አንብበው ዝርዝሩን አዘጋጁ። ከዚያ ወዲህ በጦርነትና በቃጠሎ ስንት ብራና እንደጠፋ ሲታሰብ የፊልሙ ዋጋ ይገባናል።

እንግዲህ ሁለቱን መንገድ ጎን ለጎን አስቀምጡት። በአባ እንጦንስ ቅጂው ቀረ፣ ዋናው ሄደ። በመርጡለ ማርያም፣ በስፔንሰርና በማይክሮፊልሙ ዋናው ቀረ፣ ቅጂው ሄደ። ወደ ደብረ ወርቅ የሚያቅድ ጎብኚ ከቤቱ ሳይወጣ ለራሱ መመለስ ያለበት ጥያቄ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ነው። «እኔ ሌባ አይደለሁም» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ከቅጽሩ ውጭ በልጅ እጅ የሚቀርብለትን አሮጌ የብራና ቅጠል በሁለት መቶ ብር የሚገዛ የአገር ልጅም ከግሪዮል ወገን ነው። ከውጭ ለእረፍት መጥቶ አሮጌ የአንገት መስቀል ለማስታወሻ ብሎ ይዞ የሚወጣው ወንድማችንም እንዲሁ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣትን ይከለክላል፤ ሕጉ በእኛም ላይ ይሠራል።

ሦስተኛም መንገድ አለ፤ እሱ ደግሞ ከሁሉ የቆየና የራሳችን ነው። ደብረ ወርቅ ለዘመናት ሰው ሲቀበል የኖረው ጎብኚ ብሎ ሳይሆን ተማሪ ብሎ ነው። ቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ ይማራል። የመጣበትን ማንም በገንዘብ አይጠይቀውም፤ የሚጠየቀው ትዕግሥት ነው። ዜማውን፣ ቅኔውን፣ ትርጓሜውን በቃሉ ይዞ ይሄዳል፤ ከመምህሩ ግን ምንም አይጎድልም። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የተማሩት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሰው ያን አገር ሄዶ ሳያየው ያውቀዋል፤ የካህኑን አነጋገር፣ የባላባቱን ኩራት፣ የዲማን ደጅ። አንድ የደብረ ወርቅ ተማሪ ከዚያ አገር ይዞት የወጣው ይህን ነው፤ ለሀገር ሁሉም አካፈለው።

የአሁኑ ጎብኚ ቆሎ ተማሪ ሁን ቢባል አይሆንለትም። ከአመጣጡ ግን መማር ይችላል።

ተማሪው ሲመጣ መጀመሪያ ማንነቱን ይናገራል። ጎብኚም ከመነሳቱ በፊት ደብዳቤ ይዞ ቢሄድ ግማሹን መንገድ ጨረሰ ማለት ነው። ደብረ ማርቆስ ያለው የምሥራቅ ጎጃም ሀገረ ስብከት ለወረዳው ቤተ ክህነት ይጽፋል፤ ወረዳው ለደብሩ አስተዳዳሪና ለሰበካ ጉባኤው። ጥናት ወይም ቀረጻ ከሆነ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱም ማወቅ አለበት። ደብዳቤው ላይ ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ ምን ማየት እንደሚፈለግ፣ ካሜራ መኖር አለመኖሩ በግልጽ ይጻፍ። ሴት እንግዶች ካሉ እስከ የት መግባት እንደሚችሉ፣ በየትኛው በር እንደሚገቡ ቀድሞ መጠየቅ ደጅ ላይ ከሚመጣ ቅሬታ ያድናል። ገበዙ ብቻቸውን ወስነው ሊያሳዩ የማይችሉት ነገር እንዳለም ይታወቅ፤ ዕቃ ቤት የሚከፈተው ኃላፊነት ያለባቸው ሰዎች ባሉበት ነው። ስለዚህ «አሁኑኑ ክፈቱልኝ» ማለት እሳቸውን ከማኅበሩ ጋር ማጋጨት ነው።

ቀን ሲመረጥ ከአየሩ በፊት የቤተ ክርስቲያኑን ቀን መቁጠሪያ ማየት ይሻላል። ወር በገባ በ21 የእመቤታችን በዓል ነው፤ የማርያም ደብር በዚያ ቀን ከዋዜማው ጀምሮ ማኅሌት ይቆማል። ኅዳር 21 እና ጥር 21 ታላላቆቹ ናቸው። ክብረ በዓልን ለማየት የሚሻ በዚያ ቀን ይሂድ፤ ብራናና ሥዕል በርጋታ ለማየት የሚፈልግ ግን ከዚያ ቀን ይራቅ፤ ካህናቱ ሌሊቱን ቆመው አድረዋል፣ ሕዝቡም ብዙ ነው። በዐቢይ ጾም ከቅዳሜና እሑድ በቀር ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ደርሶ አስጎብኙኝ ማለት አይመችም። ጠዋቱ ይመረጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብ ዋልካውን አፈር ስለሚያጨቀየው ከዋናው መንገድ ወጣ ያሉትን አድባራት ለማየት ከጥቅምት በኋላ ያለው ጊዜ ይሻላል። ጊዜ ያለው ሰው ከብቸና ብዙ ሳይርቅ ዲማ ጊዮርጊስን ይሳለም፤ መርጡለ ማርያምንም በዚያው ጉዞ ያካትት። አንዱን ለአንድ ቀን መስጠት ግን ግድ ነው። ሦስቱን በአንድ ቀን አይቶ የሚመለስ ሰው ያየው የመኪናውን መስኮት ነው።

ስለ ጸጥታው ሳልናገር ባልፍ አንባቢዬን እንደ መበደል ይሆንብኛል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የአማራ ክልል በግጭት ውስጥ ገብቷል፤ ምሥራቅ ጎጃምም ከጉዳቱ አላመለጠም። መንገድ የሚዘጋበት፣ ስልክ የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ጉዞውን የሚያቅድ ሰው ከወሬ ይልቅ በቦታው ያሉትን ሰዎች በስልክ ይጠይቅ። «አትምጡ» ካሉ ይቅር፤ ብንሄድባቸው እንግዳን መቀበል ግዴታቸው ስለሚመስላቸው ከራሳቸው ቀለብ ቀንሰው፣ ለደኅንነታችንም ተጨንቀው ያስተናግዱናል። በእንዲህ ያለ ጊዜ መቅረትም ለደብሩ ማሰብ ነው። ደብዳቤው ግን ይጻፍ፣ ትውውቁም ይጀመር፤ ሰላም ሲወርድ የሚከፈተው በር ቀድሞ ስሙን ለሚያውቀው ሰው ነው።

ደርሶ ከቅጽሩ ሲገቡ ያለውን ሥርዓት አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል፤ ነጠላው፣ ጫማ ማውለቁ፣ በሩን መሳለሙ። አልቫሬሽ እንኳ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት መንገደኛ በቤተ ክርስቲያን ፊት በበቅሎ እንደማያልፍ፣ ወርዶ በእግሩ እንደሚሄድ አስተውሎ ጽፎታል። የዘመኑ በቅሎ መኪና ነውና ሞተሩን አጥፍቶ ራቅ አድርጎ ማቆም ያው ሥርዓት ነው። ብራና ሲወጣ በእጅ ለመንካት አይቸኮል። ከማኅደሩ አውጥተው፣ በአትሮንሱ ላይ አኑረው፣ ገጹን የሚገልጡት ቄሰ ገበዙ ይሁኑ፤ የቆየ ብራና ከጀርባው ካለው ስፌት ይለቃልና ሙሉ በሙሉ ለጥ ብሎ እንዲከፈት አይጠየቅ። የካሜራ ብልጭታ ይጥፋ። ሥዕሏ ካልወጣች አልወጣችም። በዚያ ፋንታ የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕሎች በሙሉ ዓይን ማየት ይቻላል፤ ከቅኔ ማኅሌቱ ጥግ ተቀምጦ ዜማ የሚቀጽለውን ተማሪ ማዳመጥም ይቻላል። ብዙ ጎብኚ እነዚህን ለአንድ ፎቶ ሲል ረግጦ ያልፋቸዋል።

ስጦታም አስቀድሞ ይታሰብበት። ገንዘብ ከሆነ ለሰበካ ጉባኤው በደረሰኝ ይሰጥ እንጂ በግለሰብ እጅ አይቋጠር፤ ለሰጪውም ለተቀባዩም ንጹሕ የሚሆነው ያ ነው። ዕጣን፣ ጧፍ፣ መጎናጸፊያ፣ ለጣሪያው ቆርቆሮ፣ ለአብነት ተማሪዎቹ ብርድ ልብስና መድኃኒት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ከመሄድ በፊት «ምን ይዘን እንምጣ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስነውርም።

ከጉዞ በኋላ ያለው ሥራ ብዙ ጊዜ ተረስቶ የሚቀር ነው። ፎቶ እንዲነሣ ከተፈቀደ የፎቶው አንድ ቅጂ ለደብሩ ይመለስ። በስልክ ውስጥ ተኝቶ እንዳይቀር በወረቀት ይታተም፤ ጀርባው ላይ የተነሣበት ቀን፣ የዕቃው ስም፣ ቁመትና ወርዱ ከታወቀ እሱም ይጻፍበት። አንዱ በዕቃ ቤቱ መዝገብ ውስጥ ይቀመጥ፣ ሌላው ለወረዳው ቤተ ክህነት ይሰጥ። ዕቃ ቢጠፋ ፖሊስና ጉምሩክ መጀመሪያ የሚጠይቁት ፎቶውን ነው፤ የጠፋ መስቀል ወይም ሥዕል በሌላ አገር ሐራጅ ላይ ቢወጣ «የእኛ ነው» ብሎ ለመከራከር የሚያስችለውም ያ ወረቀት ነው። ለማኅበራዊ ድረ ገጽ የሚወጣው ፎቶ ግን የበሩን፣ የቁልፉንና የዕቃ ቤቱን አቀማመጥ የሚያሳይ አይሁን። የትኛው ፎቶ ይውጣ፣ የትኛው ይቅር የሚለውን ከመለያየት በፊት ቄሰ ገበዙን ጠይቆ መስማማት ነው።